የግራ ክንዱ ፀጉር

መጀመሪያ ያየሁት ቀን የክንዱን ፀጉር እየላጨ ነበር። በመላጫ ቢሆን ምን ገዶኝ። የእኛን ፖም በሚቆርጠው ምላጭ ነው እንጂ። ምላጮቻችንን እንዲስል የመጣው አዲሱ ሞራጅ ነው፤ ከመክተፊያው ማሽን አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጦ፣ የግራ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ፣ ምላጩን ክንዱ ላይ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ ፀጉሩም እየተነሳ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«እየሞከርኩት» አለ ቀና ሳይል። «ስለት የሚታወቀው በፀጉር ነው። ፀጉር ያልቆረጠ ምላጭ ፖም አይቆርጥም፤ ይጨፈልቀዋል እንጂ።»

«በዚያ ምላጭ የሚቆረጠውን እኮ ልጆች ናቸው የሚበሉት።»

ያኔ ቀና አለ። ዐይኖቹ የሰው ፊት ላይ ሲያርፉ አይቸኩሉም። «በፈላ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበዋለሁ፣ እመቤት። ካላመኑኝ ሦስተኛውን እርስዎ ያጥቡት።»

«ኤጭ» ብዬው ሄድኩ።

ይቺ «ኤጭ» የምትባል ነገር ስሜ ሆናለች። ሠራተኞቹ ፊት ለፊት «እህቴ» ይሉኛል፤ ዞር ስል «ወይዘሪት ኤጭ»። አልፈርድባቸውም። አክስቴ ፖም አጥቦ፣ ቆርጦና አሽጎ ለትምህርት ቤቶች የሚያቀርብ ትንሽ ድርጅት አላት፤ የኔ ሥራ መቅመስ ነው። አንድ ከረጢት በታሸገ በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስምንተኛውና በአሥረኛው ቀን ከማቀዝቀዣው ክፍል አወጣና እከፍተዋለሁ። አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ በጣቴ እጫናለሁ፣ እነክሳለሁ፣ እተፋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ የፖም ቁራጭ እነክሳለሁ እንጂ ውጬ አላውቅም። የበለዘ፣ የሟሸሸ፣ ከረጢቱ ውስጥ ላብ አውጥቶ የተዝለገለገ፣ እንደ ወይን ጠጅ የኮመጠጠ፣ ሁሉንም ምላሴ ያውቀዋል። ከዚህ በኋላ ማን ያስጎመጀኛል?

ሰውም ላይ እንደዚሁ ነኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ አክስቴ ስድስት ሰው አስተዋውቃኛለች። አንዱ ሻይ ሲጠጣ እየሳበ ነው። አንዱ ወረቀት ለመግለጥ ጣቱን ይልሳል። አንዱ የትንሿን ጣቱን ጥፍር አሳድጎ ጆሮውን ይጎረጉርባታል። አራተኛው ማንኪያውን በክራባቱ ጠረገ፤ ከወንበሬ ተነሳሁና ወጣሁ። ስለቀሩት ሁለቱ ባላወራ ይሻላል።

«አንቺ የምትፈልጊው ባል አይደለም» አለችኝ አክስቴ። «ሳሙና ነው።»

ያን ዕለት የሞራጁ ፀጉር ከዐይኔ አልወጣ አለ። ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ጉልበቱ ላይ የረገፈችው ትታየኛለች። ፖሙን ባየሁ ቁጥር አንዲት ፀጉር የተጣበቀችበት ይመስለኛል። ምሳዬንም አልበላሁ።

የኛ አሠራር እንዲህ ነው። ፖሙ ይታጠባል፤ ማሽኑ ስምንት ቦታ ይቆርጠዋል፤ ቁራጩ ሁለት ዱቄት የተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ይነከራል። አንደኛው ዱቄት ኮምጣጣ ነው፣ እንዳይጠቁር ያደርገዋል። ሁለተኛው ካልሲየም ነው፣ መራራ ቢጤ ነው፣ ሥጋውን ያጠነክረዋል። ከዚያ ተጠንፍፎ ይታሸግና ወደ ማቀዝቀዣው ይገባል። እኔ ግን በማግስቱ ጠዋት፣ የዚያች ፀጉር ነገር አንገሽግሾኝ፣ ሌላ ገንዳ አስመጣሁ። ንጹሕ ውሃ አስሞላሁበትና ለማሸጊያ ሴቶቹ «ከዱቄቱ ውሃ የወጣው ሁሉ እዚህ ይለቅለቅ» አልኳቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች አክስቴ።

«ንጽሕና።»

ንጽሕናን ማን ይቃወማል? አክስቴ ወደ ቢሮዋ ተመለሰች። ስቀምሰው ደግሞ ያቺ መራራ ጣዕም ከምላሴ ጠፍታለች። በራሴ ኮራሁ።

ሞራጁ ማክሰኞና ዓርብ ይመጣል። የደነዘውን ምላጭ ይፈታል፣ ስሎ ያመጣውን ይገጥማል፣ ይሞክራል። የግራ ክንዱ እንደ ሕፃን ክንድ ልጭ ያለ ነው፤ ቀኙ ጫካ። መጀመሪያ መጀመሪያ ፊቴን አዞር ነበር። ከዚያ ማዞሬን ረሳሁት።

የሚያስጠላ ነገር ፈለግኩበት፤ አልዋሽም፣ ጠንክሬ ነው የፈለግኩት። ጥፍሩ አጭር ነው። ሲያስነጥሰው ክርኑ ውስጥ ነው። ሲያኝክ አፉ ተገጥሞ ነው። ሸሚዙ አሮጌ ቢሆንም አንገቱ ላይ እድፍ የለበትም። ይሄም አናደደኝ።

አንድ ማክሰኞ ከመቅመሻ ጠረጴዛዬ ፊት ቆመና አንድ ፖም ለሁለት ከፈለ። አንዱን ግማሽ በአሮጌ ቢላ፣ ሌላውን በሳለው ቆራረጠው።

«ይጠብቁ» አለ።

«ምኑን?»

«ዝም ብለው ይዩት።»

ቆመን አየነው። የማሽኑ ድምፅ ቆሟል፤ ሴቶቹ ለዕረፍት ወጥተዋል። እሱ ፖሙን ያያል፣ እኔም ፖሙን አያለሁ፤ ከዚያ እኔ እሱን ሳይ ያዘኝ። በአሮጌው ቢላ የተቆረጠው ውሃ አቀረረና ጠርዙ በለዘ። ሌላው ነጭ እንደሆነ ቀረ።

«የደነዘ ነገር ሁሉን ያቆስላል» አለ። «ሰውንም እንዲህ ነው የሚያዩት?»

«እንዴት?»

«የት ጋ እንደተበላሸ እየፈለጉ።»

«ብዙ ጊዜ አገኘዋለሁ።»

«እኔ ጋስ አገኙ?»

«ገና ነው» አልኩት። ጆሮዬ እስኪግል ድረስ አፈርኩ።

ከዚያ ወዲህ ማክሰኞና ዓርብ ነጭ ጋውኔን ራሴ መተኮስ ጀመርኩ። አክስቴ በበር በኩል አለፍ ስትል አየችኝ። «ጋውኑ ለፖሙ ነው ለሞራጁ?» አለችኝ። ካውያውን አልተውኩትም።

ፖማችን መበላሸት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። በአምስተኛው ቀን ስጫነው ጣቴ ይገባል። በስምንተኛው ቀን ከረጢቱ ሲከፈት የረጠበ ጨርቅ፣ ጓዳ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ጨርቅ ይሸተኛል፤ ቁራጩ ጫፍ ጫፉ ጠቁሮ፣ በሁለት ጣት ሲነሳ ይንጠለጠላል። ስነክሰው ጥርሴ ምንም አያገኝም። አፌን አምስት ጊዜ ተጉመጥምጬም አይለቀኝም። ፖሙ አሮጌ ነው አልኩና ሁለት መኪና ሙሉ መለስኩ። ሦስተኛው መኪና መጣ፤ እንደዚያው ሆነ።

አንድ ዓርብ ሞራጁ ሥራውን ጨርሶ ወደ ማሸጊያው ክፍል በር መጣ። ሴቶቹን ትንሽ አይቶ ወደኔ ዞረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያ የመጨረሻው ገንዳ ምን ያደርጋል?»

«ያጥባል።»

«ምኑን?»

የክንድህን ፀጉር ልበለው? «ቆሻሻውን» አልኩ።

«እስቲ አንድ ከረጢት ሳይለቀለቅ ይሞክሩት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴቶቹ እንዳይሰሙ። «እኔ የፖም ነገር አላውቅም። ግን ምላጭ እንዳይዝግ ቅባት እቀባዋለሁ። ቀብቼ መልሼ ብጠርገው ይዝጋል።»

ደሜ ፈላ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ስለ ፖም ያስተማረኝ ሰው የለም። «አንተ ምላጭህን ሳል» አልኩት፣ እኔ ድምፄን ሳልቀንስ። «ምላስ የኔ ሥራ ነው።»

ሴቶቹ እጃቸው ቆመ። እሱ ራሱን ነቅነቅ አደረገና ዕቃውን ይዞ ወጣ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ የትምህርት ቤቶቹ የምግብ ኃላፊ አርባ ከረጢት በካርቶን አስይዛ መጣች። ረጅም፣ ቁጥብ ሴት ናት። አንዱን ቀደደችና የመቅመሻ ጠረጴዛዬ ላይ ገለበጠችው። ዷ አላለም፤ ጠብ ብሎ ተንሸራተተ። ቡናማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ዝልግልግ ያለ ነገር። ከሥሩ ቢጫ ውሃ እየተሳበ ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ ሄደ። ሽታው ክፍሉን ሞላው።

«ልጆቹ ስም አውጥተውለታል» አለች። «ቀንድ አውጣ ነው የሚሉት። የሚበላው የለም፤ ግድግዳ ላይ እየለጠፉ ይጫወቱበታል።»

አክስቴ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«አንድ ዕድል እሰጥሻለሁ» አለቻት ሴትዮዋ። «አሥር ቀን ቆይቶ የማይሟሽሽ አምጪልኝ። አለበለዚያ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ስትወጣ ሁላችንም እዚያው ነበርን፦ አክስቴ፣ ማሸጊያ ሴቶቹ፣ ሾፌራችን፣ ምላጭ ሊቀይር የመጣው ሞራጅ። አክስቴ ወደኔ ዞረች። «ምንድን ነው ልጄ? ያንቺ አፍ ነው የሚነግረኝ።»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። ግን ሰባት ዓመት አላውቅም ብዬ አላውቅም። ፖሙን ቀይሬዋለሁ፤ ፖሙ አይደለም። ዱቄቱ ያው ነው፤ ቅዝቃዜው ያው ነው። ነገሩ የጀመረው እሱ የመጣ ሰሞን ነው። የዓርቡ ነገርም ገና አልበረደልኝም፤ እሱን ብደብቅ ውሸታም ነኝ።

«ምላጩ ነው» አልኩ። «ይጨፈልቀዋል።»

ሞራጁ አየኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሰብስቦት የነበረውን የግራ እጅጌውን ቀስ አድርጎ ወደ ታች አወረደና ቁልፉን ቆለፈ።

«እኔ በፀጉር ነው የምለካው» አለ። «እርስዎ በምላስ። ሰው የሚያምነው የእርስዎን ነው።»

ሞረዱን በጨርቅ ጠቅልሎ ወጣ። አክስቴ ከኋላው ምንም አላለችም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሾፌራችን ከሰዓት በኋላ ለሥጋ ተራ ነጋዴዎች ይጭናል፤ ሞራጁ ደግሞ ዋናው እንጀራው የነሱ ቢላ ነው። በሳምንቱ ወሬውን ይዛልኝ የመጣችው እማማ ሹራብ ናት። ከማሸጊያ ሴቶቹ በዕድሜ ትልቋ ነች፤ ማቀዝቀዣው አጠገብ ስለምትሠራ ሁለት ሹራብ ደርባ ነው የምትውለው፣ ስሟም ከዚያ ነው የመጣው።

«ያ ልጅ እኮ ሥራ ፈታ» አለችኝ። «ቀማሿ ምላጩ ደንዟል አለች ሲባል፣ ሥጋ ቆራጮቹ ቢላቸውን እየነጠቁ ለሌላ ሰጡ። በስለት የሚያድር ሰው፣ ስለቱ ከታማ ምን ቀረው?»

«እውነት ከሆነ ምን ላድርግ» አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

ለሴትዮዋ የሚቀርበውን መሞከሪያ ስንሠራ አክስቴ ከሱቅ፣ ከነካርቶኑ፣ አዲስ ምላጭ ገዛች። እኔም ተጠነቀቅኩ። ከፊት ያለውን ከረጢት እየመዘዝኩ መቅመስ ትቼ፣ ከእያንዳንዷ ማሸጊያ ሴት አንድ አንድ ከረጢት ለየሁ። ሁሉም የየራሳቸው ቀለም ያለው ምልክት አላቸው። ዘጠኝ ሴቶች፣ ዘጠኝ ከረጢት።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ዘጠኙንም ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። የመጀመሪያው ቀንድ አውጣ። ሁለተኛው ቀንድ አውጣ። ሦስተኛው ሲከፈት ውሃው ጋውኔ ላይ ተረጨ፤ ያቅለሸልሻል፣ ያቅለሸልሻል ብቻ። በአዲስ ምላጭ ተቆርጦም እንዲህ ሆነ። ሞራጁ ከሄደ አሥራ አምስት ቀኑ ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ዘጠነኛው ከረጢት አረንጓዴ ምልክት ነበረበት። ከፈትኩት። ነጭ ነው። ስጫነው መለሰልኝ። ስነክሰው ቀጭ አለ፤ ከሰሞኑ ቀጭ የሚል ነገር አፌ ገብቶ ስለማያውቅ ደነገጥኩ። አረንጓዴ የእማማ ሹራብ ነው።

ጠራኋት። ጠረጴዛውን ስታይ እጆቿን ሹራቧ ውስጥ ደበቀች።

«እማማ፣ አንቺ ከሌሎቹ የተለየ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ጥፋቴ ነው ልጄ» አለች ወዲያው። «በዚህ ዕድሜዬ እንዳታባርሪኝ። ያ ያመጣሽው የመጨረሻ ገንዳ ውሃው ጣቴን ይቆረጥመዋል። አንቺ ዞር ስትዪ አልለቀልቅም። ከዱቄቱ ውሃ አውጥቼ፣ በወንፊት ጥሩ አድርጌ አንጠፍጥፌ፣ አሽገዋለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

ካርቶኑ ገና አልተጣለም ነበር። ከተመለሱት አርባ ከረጢቶች ውስጥ አረንጓዴ ፈለግኩ፤ አንድም የለም። እማማ እጇ ስለሚዘገይ ከረጢቷ ሁሌ መጨረሻ ይገባል፣ መደርደሪያው ኋላ ይቀራል፤ እኔ ደግሞ ሁሌ ከፊት ነው የምመዘው። ሰውዬው በሁለት ቃል ነግሮኝ ነበር። ቀብተው አይጥረጉት ነው ያለኝ። እኔ ዱቄቱን ከፍዬ እያስገዛሁ፣ በንጹሕ ውሃ እያጠብኩ ጉድጓድ ውስጥ እደፋዋለሁ። ያውም በአንዲት ፀጉር ምክንያት።

ብዙ ነገር ተጸይፌ አውቃለሁ። ራሴን ግን ያን ጠዋት ነው የጀመርኩት። ከፊቴ ከተገለበጡት ስምንቱ ይልቅ እኔ ነበርኩ የምሸተው።

አክስቴ ቢሮ ገባሁ። «ቀንድ አውጣዎቹን የሠራኋቸው እኔ ነኝ» አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ፀጉሩንም አልደበቅኩም። አክስቴ መነጽሯን አወለቀች።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች። «እኔም አለሁበት፤ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ነው የሸኘሁት። ግን ‹ምላጩ ነው› ያልሽው አንቺ ነሽ። ስሙን ካጠፋሽበት ቦታ ሄደሽ መልሺለት። በስልክ እንዳይሆን።»

«እሱ የሚውለው ሥጋ ተራ ነው፣ አክስቴ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ መነጽሯን መልሳ እያደረገች።

ሥጋ ተራ ገብቼ አላውቅም። በዚያ መንገድ ማለፍ ካለብኝ ሁለት ፌርማታ ዞሬ ነው የምሄደው። ያን ቀን ግን አረንጓዴ ምልክት ያለበትን ከረጢት ይዤ፣ ዐይኔን በጨው አጥቤ ገባሁ። እኩለ ቀን ነው፤ ፀሐዩ ቆርቆሮውን ያግላል። መሬቱ በደምና በውሃ ጨቅይቷል፣ ጫማዬ እየተጣበቀ ይላቀቃል። አንድ ሰው አንጀት በባልዲ ተሸክሞ ሲያልፍ ክንዴን ነካኝ፤ ሞቀኝ። ዝንቡ ከሥጋው ተነስቶ ከንፈሬ ላይ ያርፋል። የሞራ ሽታ ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ እንደ ቅባት ተለጠፈ። ሁለት ጊዜ ቆሜ አፌን ይዣለሁ። ስድስቱ ሰዎች ተደምረው እንኳ እንዲህ አላንገሸገሹኝም።

ሞራጁ ከተራው መጨረሻ፣ አንዲት ጥላ ሥር፣ ከሞረዱ ጋር ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ቢላ የለም። እጅጌው ከልማድ የተነሳ ተሰብስቧል። የግራ ክንዱን አየሁት፤ ፀጉሩ በቅሏል። ከቀኙ ጋር እኩል ሊሆን ምንም አልቀረውም። ለአሥራ አምስት ቀን አንድም ሰው ቢላ አልሰጠውም ማለት ነው።

«እንደምን ዋሉ» አለኝ፣ ከመቀመጫው ተነስቶ።

ወደ ሥጋ ቆራጮቹ ዞርኩ። «እስቲ አንዴ ስሙኝ» አልኩ በትልቁ። ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ነበርና ዝም አሉ፤ ተቆጣጣሪ መስያቸው ነው መሰለኝ።

«የፖም ቤቱ ቀማሽ እኔ ነኝ። የዚህ ሰው ምላጭ ደንዟል ብዬ ነበር። አልደነዘም። ፖሙን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ፤ መታጠብ የሌለበትን አጥቤ። እሱ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።»

አንድ ቦርጫም ሥጋ ቆራጭ እጁን በሽርጡ ጠረገ፤ ዐይኔን ወደ ሌላ መለስኩ። «ታዲያ እኛ ምን አገባን፣ እህቴ?»

«ቢላችሁን ነጥቃችሁታል። ያገባችኋል።»

ከወዲያ ማዶ አንዱ ሳቀ። ቦርጫሙ ሰው ግን አልሳቀም፤ ቢላውን ገልበጥ አድርጎ አየውና ወደ ሥጋው ተመለሰ። ወደ ሞራጁ ዞሬ ከረጢቱን ዘረጋሁለት። «ስምንት ቀኑ ነው። አልተለቀለቀም።»

አንድ ቁራጭ አውጥቶ ነከሰ። ቀጭ አለ። ቀስ ብሎ አኘከ፣ አፉን ገጥሞ።

«ገንዳውን ግን ለምን አመጣሽው?» አለኝ። እርስዎ ማለቱን የት እንደጣለው አላውቅም።

«በክንድህ ፀጉር ምክንያት።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቁን ለማፈን ሞክሮ አልሆነለትም። እኔ አልሳቅኩም።

«ስድስት ሰው አባርሬያለሁ» አልኩት። «ሁሉም ላይ የሚያስጠላ አገኘሁ። አንተ ላይ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። ሳጣ ጊዜ ሐሰት ፈጠርኩልህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ባታደርግልኝም እረዳለሁ።»

ሳቁ ቆመ። ከኋላችን መጥረቢያ አጥንት ላይ ሲያርፍ ይሰማል።

«ተናድጄብሽ ነበር» አለ። «በሥራዬ መታማቱ አይደለም። ይሄ ያልፋል። አንቺ ነሽ ያልሽው። ማክሰኞና ዓርብ አንቺን ለማየት ነበር የምቸኩለው፤ ሌላው ደንበኛዬ ዘገየህ እያለ እየተቆጣኝ።»

ሞረዱ አጠገብ አንዲት ሳህን ላይ ግማሽ ፖም አለ፤ ምሳው ነው። ጠዋት ቆርጦት ኖሮ ፊቱ በልዟል፣ ጠርዙ ጨማዷል። እንዲህ ያለውን በወረቀቴ ላይ በቀይ ነው የምሰርዘው። ዝንቡን እፍ ብሎ አባረረና አንድ ቁራጭ አንስቶ ዘረጋልኝ።

«ያንቺን ቀመስኩ» አለ። «እኔ ያለኝ ደግሞ ይሄ ነው።»

ተቀበልኩት። ልፍስፍስ ያለ ነው። ነከስኩት፤ ለብ ብሏል፣ ውሃው ሄዷል፣ ከሩቅ የሞረድ ሽታ አለው። ሆዴ እንደ ልማዱ ወደ ላይ መጣ። እሱ ጎንበስ ብሎ የምተፋበት ነገር ፈለገ፤ ያውቀኛል፣ ሁለት ወር ሙሉ ስተፋ አይቶኛል። አንዲት ጣሳ አግኝቶ ያዘልኝ።

«አልተፋውም» አልኩ አፌን ይዤ። ዋጥኩት። «ኤጭ።»

«ይጨመር?»

«ጨምር።»

ሁለተኛውን እያኘክሁ ቦርጫሙ ሥጋ ቆራጭ መጣና ቢላውን፣ ሞራ እንደተለደፈበት፣ ሞረዱ አጠገብ ጣለው። ሞራጁ ቢላውን በፈላ ውሃ አጠበ፣ ሳለ፣ ደግሞ አጠበ፤ ከዚያ የግራ ክንዱን ዘርግቶ ሞከረ። ፀጉሩ ተነስቶ ጫማዬ ላይ ወደቀ። አላራገፍኩትም።

ገንዳውን በማግስቱ አስወጣሁት፤ አሁን እማማ ሹራብ የሞቀ ውሃ ሞልታ ጣቶቿን ትዘፈዝፍበታለች። መራራውን ዱቄት ምላሴ እስኪረሳው ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ቀነስኩ፣ ሁሉም ሴቶች በወንፊት ማንጠፍጠፍ ያዙ፣ ምላጩን ሞራጁ ሳለ። ሴትዮዋ በአሥረኛው ቀን መጥታ ከረጢቱን ራሷ ከፈተች፤ ቀጭ ሲል በሌላው ክፍል ተሰማ። አክስቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ከተጋባን ሦስት ዓመታችን ነው። ተለውጣለች ብሎ የሚጠብቅ ካለ፣ አልተለወጥኩም፤ ያው ወይዘሪት ኤጭ ነኝ፣ ወይዘሪቷ ብቻ ቀርታለች። የቤታችን መታጠቢያ ላይ የክንዱን ፀጉር ሳገኝ እጮሃለሁ፤ እሱም ከሌላው ክፍል «ሦስተኛውን አንቺ እጠቢው» ይለኛል። እያጉረመረምኩ እጠርጋለሁ። ባለፈው ወር ግን አራት ቀን ሙሉ መታጠቢያው ንጹሕ ሆነብኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሸሚዙን ሳይለብስ፣ የግራ ክንዱን ይዤ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

«ሥራ የለም እንዴ?» አልኩት።

ሳቀ። የሞረዱ ድንጋይ አልቆ አዲስ እስኪመጣለት እየጠበቀ ነበር። እስኪመጣ ድረስ ግን ምሳዬ አልወረደልኝም።